ያልደረሰው እራት፦ አንጎላችን የዕለት ሥራችንን በቅደም ተከተል የሚያስኬደው እንዴት ነው?

እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድዎ በፊት የሚሠሩትን እስቲ ያስቡት። ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። በመሐል ልጆቹ ይለብሳሉ፣ አንድ እግር ካልሲ ይጠፋል፣ ስልክ ይጮኻል። ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ የተወቀጠው ቡና ጀበናው ውስጥ ገብቶ እንደሆነና እንዳልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያውቁታል። አንዳንዴ ደግሞ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ይጨምራሉ። ለመሆኑ የት እንደ ደረስን የሚቆጥርልን ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ታሪኮች አንዱ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነው። ዋይልደር ፔንፊልድ የተባለው ስመ ጥር የአንጎል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ የገዛ እህቱን ቀዶ ሕክምና አደረገላት። በአንጎሏ የፊት ክፍል በቀኝ በኩል ዕጢ ነበረባት፤ እርሱን ለማውጣት የዚያን ክፍል አብዛኛውን መቁረጥ ግድ ሆነ። (ወንድም እህቱን እንዲህ ማከሙ ዛሬ የሚመከር አይደለም።) ከሕመሟ ስታገግም ንግግሯም ጠባይዋም ደህና ነበር።

ከወራት በኋላ ለአንድ እንግዳና ለአራት የቤተሰቧ አባላት እራት ልታዘጋጅ ተነሣች። ቀኑን ሙሉ ጊዜ ነበራት፤ በደስታም ስትጠብቀው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አንድ ሁለት ነገር ምድጃ ላይ ተጥዷል፣ ሰላጣው አልተዘጋጀም፣ ሥጋው ጨርሶ አልተጀመረም። እርሷም ብቻዋን ስትታገል ውላ ተጨንቃና ግራ ተጋብታ ቆማለች። ሰው ሲያግዛት እራቱ ወዲያው ደረሰ። ፔንፊልድ ይህን በ1935 ብሬይን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር አሳተመው። እህቱ ሙያዋ አልጠፋባትም። የቸገራት የትኛውን ቀድማ፣ የትኛውን አስከትላ፣ መቼ ወደየትኛው እንደምትመለስ ነበር።

የፊተኛው የአንጎል ክፍል ይህን ሁሉ ብቻውን አይሸከመውም። በጥልቁ የአንጎል ክፍል የሚገኘው ቤዛል ጋንግሊያ የለመድነውን ሥራ እንደ አንድ ጥቅል ያስረዋል። አን ግሬቢየልና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. አይጦችን መንገድ ሲያስለምዱ፣ አይጦቹ አዲስ ሳሉ በዚያ ክፍል ያሉት ነርቮች በጉዞው ሁሉ ይሠሩ ነበር፤ ልማድ ሲሆን ግን በተለይ በመነሻውና በመድረሻው ላይ ይደምቁ ጀመር። ቡናዎን እየወቀጡ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ የሚችሉት ለዚህ ነው። ስልኩ ጥቅሉን ሲያቋርጠው ደግሞ የፊተኛው ክፍል ይፈለጋል።

ስሕተትን የሚያይ ክፍልም አለ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በሰዎች ራስ ቆዳ ላይ ሽቦ አድርገው ሲለኩ፣ ሰውየው የተሳሳተ ቁልፍ በነካ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አንድ ምልክት ከአንጎሉ ይነሣ ነበር። “ውይ!” ከማለታችን በፊት ማለት ነው።

በ2015 ቴሬዛ ዴስሮቸርስና ዴቪድ ባድሬ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ወደ ጥያቄያችን ያቀርበናል። ተሳታፊዎቹ በስክሪን የሚታየውን ነገር አንዴ በቀለሙ፣ አንዴ በቅርጹ እንዲለዩ ተነገራቸው፤ ለምሳሌ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ቅርጽ፣ ቀለም። የት እንደ ደረሱ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ራሳቸው መያዝ ነበረባቸው። በአንጎላቸው ፊት አካባቢ ያለ አንድ ስፍራ ሥራው ከተራ ወደ ተራ እየጨመረ ሄዶ፣ ተራው እንደ አዲስ ሲጀመር ዝቅ ይል ነበር። ያንን ስፍራ ከውጭ በማግኔት ሲያውኩት ስሕተቱ በዛ፤ ይልቁንም ወደ ተራው መጨረሻ ላይ።

ይህን የምጽፍልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችንም በማኅበራችንም ከስትሮክ፣ ከራስ ቅል አደጋ ወይም ከመርሳት ሕመም በኋላ ሥራ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች አሉ። ጥሩ ስለሚናገሩ ብዙ ጊዜ “ሰነፈች”፣ “ግድ የለውም” ይባላሉ። እናትዎ እንዲህ ከሆኑ ድስቱን ከእጃቸው አይንጠቁ። አጠገባቸው ይቁሙና ሽንኩርቱ ሲያልቅ “ቀጥሎስ እማዬ?” ይበሏቸው፤ ቅደም ተከተሉንም በትልቁ ጽፈው ምድጃው አጠገብ ይለጥፉላቸው፣ የተሠራውን እየሰረዙ እንዲሄዱ።