ተገኝቶ ያልተመለሰው ሥዕል

ከይፋግ ተነስተን ልጆቻችንን ጎንደር ስንወስድ የፋሲልን ግንብ እናሳያቸዋለን፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት አንጋጠው እንዲያዩ እናደርጋለን። እኔ ደግሞ ለልጅ ልጆቼ አሁን ጎንደር ስለሌለ አንድ ሥዕል ሳልነግራቸው አልመለስም።

ስሙ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል። ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ እጆቹን አጣምሮ ይታይበታል። አባቶቻችን የቅዱስ ሉቃስ እጅ ሥራ ነው ይሉ ነበር፤ የሥነ ጥበብ አጥኚዎች ግን አንድ አውሮፓዊ በ1500ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ እንደሣለው ይገምታሉ። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ ሰው የሚያስምሉትም በፊቱ ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም ከስናር ጋር ሲዋጉ ሥዕሉ ተማርኮ ነበር፤ ቤዛ ተከፍሎ ተመለሰ።

ሁለተኛው ምርኮ ግን እስከ ዛሬ አላበቃም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ለብሪቲሽ ሙዚየም ቅርስ እንዲሰበስብ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ለራሱ ወሰደው። አጼ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ መጣ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ያን ጊዜ ሆልምስ የንግሥቲቱ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር።

ሆልምስ ዝምታውን የሰበረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ የሥዕሉን ፎቶ በለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ አወጣ። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ሥዕሉ ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ዳግመኛ ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ። ጋዜጠኛው ማርቲን ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያው በግለሰብ እጅ እንዳለ ደረሰበት። ፖርቱጋል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአገሯ እንዳይወጣ በሕግ ከለከለች።

ልጆች ይህን ሲሰሙ «ከተገኘማ ለምን አይመጣም?» ይላሉ። እኔም የምመልስላቸው፣ አንድ ቅርስ ከእጅ ለመውጣት አንድ ቀን ይበቃዋል፣ ለመመለስ ግን ከመቶ ዓመት በላይም አይበቃው ይሆናል ብዬ ነው።

ስለዚህ ያለንን እንጠብቅ። በፎገራና በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራት፣ በየቤቱም ሣጥን ውስጥ፣ የቆዩ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት አሉ። የቤታችሁን ቅርስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ማን እንዳወረሳችሁና ከየት እንደመጣ አያቶችን ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላለው ደግሞ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ በንዋየ ቅድሳት መዝገብ መስፈሩንም ጠይቁ። ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ «የሚሸጥ የለም» ማለትንም ልጆቻችን ከእኛ ይማሩ። የጠፋ ዕቃ ባለቤቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ምልክቱን ሲናገር ነውና።