ግራኝ ሰው በፓዴል ሜዳ፤ ለስፖርት ዕቃ አስመጪዎችና ባለሱቆች

በስፖርት ዕቃ ንግድ የተሰማሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ፓዴል ስለተባለው ጨዋታ ሲነጋገሩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ለግራኝ ሰው የሚሆነው ራኬት የቱ ነው?» የሚል ሆኖ አግኝተነዋል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ሰው ትንሽ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ግራኝ ከመሆኑም በላይ፣ በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ገንዘቡን በከንቱ ከማውጣት ለጥቂት የተረፈ ነጋዴ ስለ ሆነ፣ ያየውንና የተማረውን ለአንባቢዎች ማካፈል ተገቢ መስሎታል።

ፓዴል የቴኒስ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባሉ ሜክሲካዊ፣ በአካፑልኮ በነበራቸው ቤት ግቢ ውስጥ በግድግዳ የታጠረ ትንሽ ሜዳ አሠርተው ጨዋታውን ጀመሩት። በ1974 ወዳጃቸው ልዑል አልፎንሶ ሆሄንሎሄ ማርቤያ ወደተባለችው የእስፓኝ የባሕር ዳር ከተማ ወሰዱት፤ ከዚያም ወዲያ ወደ አርጀንቲና ተሻግሮ በሁለቱ አገሮች ሥር ሰደደ። ሜዳው 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ወርድ አለው። መረቡ በመካከሉ 88 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ በስተኋላ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ፣ ዛሬ ብዙውን ጊዜ መስተዋት የሆነ፣ ከበላዩም 1 ሜትር የሽቦ መረብ ይቆማል። ሁለት ሰዎች ለሁለት ሰዎች ይጫወቱበታል፤ ኳሷም መሬት ነክታ ከመስተዋቱ ነጥራ ብትመለስ ጨዋታው አይቋረጥም። የግራኙ ሰው ነገር የሚመጣውም ከዚሁ ከመስተዋቱና ከጥንድነቱ ነው።

እኔ ፓዴልን የለመድሁት ለዕቃ ግዢ በምመላለስበት በዱባይ ነው። እዚያ የሚኖሩ አንድ ያገራችን ነጋዴ ማታ ማታ ከወዳጆቻቸው ጋር ይጫወቱ ነበርና አንድ ቀን አራተኛ ሰው ቢጎድላቸው ጋበዙኝ። ራኬቱን በግራ እጄ ስይዝ አይተው፣ «ግራኝ ከሆኑማ ቦታዎ ግራው ነው» ብለው በሜዳው ግራ ወገን አቆሙኝ። እርሳቸው በቀኝ ቆሙ። ንግግሩ ለጆሮ የቀና ስለ ነበረ እኔም አልተከራከርሁም። በሁለት ሴት 6 ለ1 እና 6 ለ2 ተሸነፍን፤ ከዚያ የከፋው ግን በመካከላችን የምታልፈውን ኳስ ሁሉ እርስዎ ነዎት፣ የለም እርስዎ ነዎት እየተባባልን ልንቀያየም መድረሳችን ነበር።

ምክንያቱን ያስረዱን ያሸነፉን ሰዎች ናቸው። ግራኝ ሰው በሜዳው ግራ ወገን ሲቆም፣ ብርቱ ምቱን የሚመታበት የመዳፉ ወገን ወደ ጎን መስተዋት ይዞራል። በቀኝ ወገን የቆመው ቀኝ እጀኛም እንዲሁ መዳፉ ወደ ራሱ መስተዋት ይሆናል። ስለዚህ ኳስ በሁለቱ መካከል በመጣች ቁጥር ሁለቱም በእጃቸው ጀርባ ሊመልሷት ይገደዳሉ፤ የሜዳው መካከል ባለቤት አልባ ይሆናል ማለት ነው። ቦታ ብንለዋወጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግራኙ በቀኝ፣ ቀኝ እጀኛው በግራ ሲቆሙ የሁለቱም ብርቱ ክንድ ወደ መካከል ይመለከታል፤ በከፍታ የተላከችውን ኳስም ሁለቱም ከላይ ወደ ታች አጥብቀው ሊመቷት ይችላሉ። ሁለት ቀኝ እጀኞች ሲጣመሩ ይህ ሥልጣን በአብዛኛው በግራ ወገን የቆመው ሰው ብቻ ነው፤ በቀኝ ያለው ኳስ በትዕግሥት እየመለሰ ጨዋታውን ያደራጃል።

በሚቀጥለው ምሽት ተለዋውጠን ቆምን። አላሸነፍንም፤ ነገር ግን ተከባብረን ወጣን።

ይህን ስል የግራኙ ዕጣ ሁሉ ማር ነው ማለቴ አይደለም። በቀኝ ወገን የቆመ ግራኝ የጎን መስተዋቱ በእጁ ጀርባ በኩል ስለሚሆን፣ ተቃራኒዎቹ ኳሷን ወደ ጥግ እየላኩ ከመስተዋቱ ጋር ያጣብቁታል። ከሁለት መስተዋቶች ነጥራ የምትመጣ ኳስ በእጅ ጀርባ መመለስ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። አዲስ ግራኝ ተጫዋች ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ይህንን ምት ቢለማመድ ይጠቀማል፤ እኔ ግን ከላይ መምታቱ ስለ ጣፈጠኝ ይህን ቸል ብዬ ለረጅም ጊዜ ዋጋዬን ከፍያለሁ። በአንጻሩ ኳስ በማስጀመር ጊዜ ግራኙ ትርፍ አለው። ደንቡ ኳሷ በመሬት ነጥራ ከወገብ ባልበለጠ ከፍታ እንድትመታ ያዛል። ግራኙ እየሸረፈ ሲመታት ሽክርክሪቷ ቀኝ እጀኛው ከሚልከው ተቃራኒ ስለሚሆን፣ ተቀባዩ ከመስተዋቱ በምን አኳኋን እንደምትመለስ ሲገምት ይሳሳታል። ከአሥር ሰዎች ግራኝ የሚሆነው አንድ ያህሉ ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህን ዓይነት ኳስ ዘወትር ለመልመድ ዕድል ያለው ተጫዋች ጥቂት ነው።

የታላላቆቹን ተጫዋቾች ታሪክ ያየ ሰው ይህ ነገር የሰፈር ወሬ አለመሆኑን ይረዳል። በአርጀንቲና የተወለደው ግራኙ ሁዋን ማርቲን ዲያዝ በቀኝ ወገን እየቆመ፣ ቀኝ እጀኛው ፌርናንዶ ቤላስቴጊን በግራ እየቆመ፣ ከ2002 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የዓለምን አንደኛነት ይዘው ቆይተዋል። ከተለያዩም በኋላ ቤላስቴጊን የመረጠው ባልደረባ ብራዚላዊው ፓብሎ ሊማ፣ እርሱም ግራኝ ነበረ። በ2023 የተጣመሩት እስፓኛዊው አርቱሮ ኮኤዮና አርጀንቲናዊው አጉስቲን ታፒያ በዚያው ዓመት አንደኞች ሲሆኑ፣ በቀኝ ወገን የሚቆመው ረጅሙ ኮኤዮ ግራኝ ነው። በሴቶችም በኩል በ2023 የዓለም አንደኞች ከነበሩት ጥንዶች ፓውላ ሆሴማሪያ ግራኝ፣ አሪያና ሳንቼዝ ቀኝ እጀኛ ናቸው።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። አንድ ደንበኛ 60 ራኬት እንዳመጣለት ባዘዘኝ ጊዜ፣ በዱባይ የነበረ አንድ ደላላ «12ቱ የግራኝ ይሁኑ፤ ዋጋቸው ግን 15 በመቶ ይጨምራል» አለኝ። በራሴ ግራኝነት ሆዴ ባባና ተስማማሁ፤ ፕሮፎርማ ኢንቮይሱም በዚሁ መሠረት ተጻፈ። ከአሥር ሰዎች አንዱ ብቻ ግራኝ ከሆነ ከ60ው 12 መባሉ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ገንዘቡ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው መጋዘኑ ሄጄ ናሙና እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ሁለቱን ራኬቶች ጎን ለጎን በጠረጴዛ ላይ አኑሬ፣ አንዱን ገልብጬ፣ ቦታቸውንም ለዋውጬ «የግራኙ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ራኬቱን ሳይሆን የተለጠፈበትን ወረቀት ሲፈልግ አየሁት።

እውነቱ እንዲህ ነው። የፓዴል ራኬት ጅማት የለውም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድፍን ገበታ ነው። ደንቡ ርዝመቱ ከ45 ከግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ከ38 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል። በተለመደው አሠራር ሁለቱም ፊቶቹ እኩል፣ ቀኝና ግራውም አንድ ዓይነት ነው፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቀው የግዴታ ገመድም ለሁለቱም እጅ ይሆናል። ይህ ከጎልፍ ዱላ ወይም ከልብስ ሰፊ መቀስ የተለየ ነው። የጎልፍ ዱላ የሚመታው በአንድ ፊቱ ስለ ሆነ ለግራኝ ተገልብጦ ይሠራል፤ የግራኝ መቀስም ስለቶቹ ተለዋውጠው ካልተገጠሙ ቆራጩ የሚቆርጥበትን መሥመር በደንብ ሊያይ አይችልም። ለእነዚህ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቅ ምክንያት አለው። ለፓዴል ራኬት ግን የለውም።

ለግራኙ ደንበኛ በእውነት የሚለየው የመያዣው ጥቅልል ነው። በመያዣው ላይ የሚደረበው ስስ ጥቅልል ቀኝ እጀኛው ከሚጠቀልልበት በተቃራኒ አቅጣጫ ቢጠቀለል፣ ጠርዙ በመዳፍ እየተላጠ አይነሣም። ዕቃው አንድ ነው፤ የሚለየው የባለሱቁ እጅ ሥራ ነው። ይህን በነፃ የሚሠራ ሱቅ ደንበኛውን ያተርፋል። ከዚህ በቀር ግራኙ በቀኝ ወገን ሆኖ ለማጥቃት የሚያስብ ከሆነ ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላ፣ የእንባ ጠብታ ወይም የአልማዝ ቅርጽ ያለውን ራኬት ሊወድ ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ቀኝ እጀኛም ቢሆን ግራኝ ክቡ ይሻላል።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ባለሱቁ ደንበኛው በየትኛው እጁ ደረሰኝ እንደሚፈርም አይቶ አይፍረድ። እኔ በልጅነቴ በግራ እጄ ስጽፍ የእርሳስ ምት እየተቀበልሁ አድጌ ዛሬ የምፈርመው በቀኜ ነው፤ ድንጋይ የምወረውረው ግን በግራዬ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ኳስ ሰጥቶ «እስቲ ወርውሯት» ማለት ይበቃል።

ብዛቱን በተመለከተም ጥንቃቄ አይጎዳም። በስዊድን በ2020ና በ2021 የፓዴል አዳራሾች በየከተማው እየተሽቀዳደሙ ተሠርተው፣ በ2022ና በ2023 ከእነርሱ ብዙዎቹ ከስረው ተዘግተዋል። እኔም ያንን ፕሮፎርማ አስለውጬ፣ የ12ቱን የተለየ ዋጋ አሰርዤ፣ 60ውን በአንድ ዋጋ ገዛሁ። በተረፈው ገንዘብ ሁለት ካርቶን የመያዣ ጥቅልል ጨመርሁበት፤ ከራኬቶቹ አስቀድሞ ያለቀውም እርሱ ነው።