ባቡር ጣቢያን የሚያጨናንቀው ምንድን ነው?

ኩየራ ላይ ሐዲድ የለም። ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚዘልቅ መስመር በሀገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ቢካተትም እስከ ዛሬ አልተዘረጋም። ሆኖም የኩየራ ተማሪ ባቡር ጣቢያ ለመንደፍ ሐዲዱ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ስኮትላንዳዊው ክሪስ ሶየር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን የትራንስፖርት ጨዋታ መሠረት አድርጎ በፈቃደኞች የተሠራው ኦፕን ቲቲዲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ተጫዋቹ ሐዲድ ይዘረጋል፣ የምልክት መብራት ይተክላል፣ ባቡር ያሰማራል።

ጀማሪ ተጫዋች ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው። ባቡሮች ተሰልፈው መቆም ሲጀምሩ ተጨማሪ መሳፈሪያ ይሠራል፤ ሰልፉ ግን አይቀንስም። ለምን ይሆን?

በሩን እንቁጠር

አንድ በር ብቻ ያለውን የአውቶቡስ መናኸሪያ እናስብ። ግቢው የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚገባውና የሚወጣው መኪና በዚያው በር መተላለፉ አይቀርም። የባቡር ጣቢያም በር አለው፤ እርሱም ዋናው ሐዲድ ወደየመሳፈሪያው የሚከፋፈልበት የመቀያየሪያ ቦታ ነው።

በምሳሌ እናስላው። ባቡር በመቀያየሪያው ለመግባት 2 ደቂቃ፣ ለመጫንና ለማራገፍ 10 ደቂቃ፣ ለመውጣት 2 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። አንዱ መሳፈሪያ ለአንድ ባቡር 14 ደቂቃ ስለሚያዝ 4 መሳፈሪያዎች በሰዓት 17 ያህል ባቡሮችን ማስተናገድ ይችላሉ። መግቢያውም መውጫውም አንድ ከሆነ ግን በሩ ለእያንዳንዱ ባቡር 4 ደቂቃ ይያዛል፤ ስለዚህ በሰዓት ከ15 ባቡር በላይ አያሳልፍም። መሳፈሪያዎቹን 8 ብናደርጋቸውም ውጤቱ ያው 15 ነው። መውጫውን በሌላው ጫፍ ብንከፍት ግን እያንዳንዱ በር በሰዓት 30 ባቡር ስለሚያሳልፍ የ8ቱ መሳፈሪያዎች ጥቅም ያን ጊዜ ይታያል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሁለቱንም ዓይነት ጣቢያ ነበረው። ለገሀር የመስመሩ መጨረሻ በመሆኑ ባቡሩ በገባበት አቅጣጫ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ናዝሬት ግን መተላለፊያ ስለነበረች ባቡሩ በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

አዳማና ነጠላው ሐዲድ

ከጣቢያው ውጭ ያለው ሐዲድም ራሱ በር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ድርብ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ በኋላ ነጠላ ይሆናል። በነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት መተላለፊያ ሐዲድ ባለባቸው ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ አንደኛው ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል።

በሁለት መተላለፊያዎች መካከል 20 ኪሎ ሜትር ቢኖርና ባቡሮች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ በየተራ ቢተላለፉ በሰዓት ከ3 በላይ አያልፉም። በመሐል አንድ መተላለፊያ ቢጨመር ርቀቱ በግማሽ ይቀንስና ቁጥሩ ወደ 6 ያድጋል። ይህም ሁለተኛ ሐዲድ ሳይዘረጋ የሚገኝ ጥቅም ነው። ነገር ግን መተላለፊያው ከባቡሩ ካጠረ የመጨረሻዎቹ ፉርጎዎች ዋናውን መስመር ይዘጋሉ።

ጨዋታው የሚያስተምረው

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሦስት ነገሮችን ይጠነቅቃሉ። አንደኛ፣ ባቡር እንዲጠብቅ የሚያደርገው የምልክት መብራት ከመቀያየሪያው በፊት ይተከላል፤ መሐሉ ላይ የቆመ ባቡር ሁሉንም ያግዳልና። ሁለተኛ፣ ከመብራቱ በኋላ አንድ ሙሉ ባቡር የሚያስቆም ቦታ ይተዋል። ሦስተኛ፣ «ሳትሞላ አትነሣ» የሚለው ትእዛዝ በቁጠባ ይሰጣል፤ ጭነት የሚጠብቁ ባቡሮች መሳፈሪያውን ሁሉ ከያዙ ጭነት ይዞ የመጣው መግቢያ ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነው፦ የአንድ ሥርዐት አቅም የሚወሰነው እጅግ በጠበበው ክፍሉ ነው። ሌላውን ማስፋት ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሰልፉን አያሳጥርም። በጨዋታው የተሳሳተ ሐዲድ በአንድ ጠቅታ ይነሣል፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ስሕተቱ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሞክር፦ ከላይ በሰጠነው ምሳሌ የመጫኛው ጊዜ ከ10 ወደ 20 ደቂቃ ቢያድግ፣ አንድ በር ያለውን ጣቢያ የሚያጨናንቀው በሩ ነው ወይስ 4ቱ መሳፈሪያዎች?