መከራከር ጠብ አይደለም

ዛሬ ስለ ክርክር እንነጋገር። ክርክር ሲባል ጠብ የሚመስለው ሰው አለ። ስለዚህ በስብሰባ ላይ አንዱ ይጮኻል፤ ሌላው ዝም ይላል። ዝም ያለው ቤቱ ገብቶ ያማል። የጮኸውም የረታ መስሎት ይሄዳል። የማን ሐሳብ ይሻል እንደነበር ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

አገራችን እኮ የክርክር አገር ናት! “በላ ልበልሃ” የሚባለውን የድሮ ሙግት ከሽማግሌዎች ሰምታችሁ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ነገሩን በምሳሌና በግጥም እያዋዙ ይሟገቱ ነበር። ውርርድም ነበር፤ አንዱ በማር፣ ሌላው በበቅሎ ይወራረዳል። ሙግቱ የጋለ ነው። ቢሆንም አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ካልሰማማ ምኑን ይመልሳል? እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ባላጋራዎቹ የልብሳቸውን ጫፍ ተቋጥረው ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንገድ ያገኙትን ሰው እንኳ “ፍረደን” ይሉት ነበር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ወጣ፤ ያ ዓይነቱ ሙግት ቀስ በቀስ ቀረ።

ሆኖም በላ ልበልሃ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ተሟጋቹ የሚፈልገው መርታት ብቻ ነው፤ እውነቱን የሚለየው ዳኛው ነው። ስለ እርሻ ስትከራከሩ ግን ማን ይፈርዳል? ተሟጋቹም ዳኛውም እናንተው ናችሁ። ከባድ ነው።

ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት የተነሣውን ክርክር እንውሰድ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነገሩ በየቀበሌው ተሰበከ። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይወጣል፤ በመስመር ከሆነ ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል፣ ምርቱም በጣም ይጨምራል ተባለ። ብዙ ገበሬ ደግሞ “ይህን ደቃቅ ዘር በመስመር? ጉልበቱንስ ከየት አመጣለሁ?” አለ። አንዱ ወገን ሌላውን “ኋላ ቀር” ቢለው፣ ያኛውም “አንተ የወረቀት ገበሬ!” ብሎ ቢመልስ፣ ክርክሩ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ስድብ ጤፍ አያበቅል። የሆነውስ ምንድን ነው? ሁለቱም የያዙት እውነት ነበራቸው። ምርቱ በብዙ ማሳ ጨምሯል፤ እንደ ተወራው ያህል ግን አልሆነም። ጉልበቱም እንደ ተፈራው ብዙ ነው።

እንግዲህ እናንተ እንዲህ አድርጉ። በሐምሌ፣ ገና ሳይዘራ፣ ተከራካሪዎቹ ደብተር ይዘው ይቀመጡ። እያንዳንዱ “ምን ባይ ሐሳቤን እለውጣለሁ?” ብሎ ራሱን ይጠይቅና መልሱን ይጻፍ። “ከአንድ ጥማድ ይህን ያህል ኪሎ ካልበለጠ በብተናዬ እቀጥላለሁ” ይበል፤ ይፈርምበትም። መጻፉ ለምን አስፈለገ? ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ “እኔ እንዲያ አላልኩም” ይላላ! ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ከዚያ አንዱን ማሳ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ግማሹን በመስመር፣ ግማሹን በብተና በአንድ ቀን ዝሩ። ማዳበሪያውም እኩል ይሁን። ለዘሩና ለአረሙ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደ ሠራ መዝግቡ። እዚህ ላይ ሴቶቹን ጠይቁ። ጤፍ ሲታረም ወገባቸው የሚጎብጠው እነሱ ናቸው፤ በስብሰባ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቃቸው የለም፤ ይህ ደግ አይመስለኝም። ለየብቻ አጭዳችሁ ለየብቻ ውቁ፤ እህሉንም ጭዱንም መዝኑ። ዝናቡ ያልተመቸ ዓመት ከሆነ በከርሞውም ድገሙት። መረሬ መሬት ላይ የታየው በቀይ አፈር ላይታይ ይችላል።

ውቂያው ሲያልቅ በተከራከራችሁበት ዛፍ ሥር ተሰብስባችሁ ደብተሩን ዘርግቱት። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያንብብ እንጂ የራሱን አያንብብ፤ ከዚያ የኪሎው ቁጥር ይነበብ።