ዋጋ ሊተምን ሄዶ መኪና የሠራው ሰው

ካዲላክ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ረጅም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ባለሥልጣን የሚሳፈርበት መኪና ነው። የመጀመሪያው ካዲላክ ግን ባለአንድ ሲሊንደር፣ ፈረሱ የተፈታ ጋሪ የሚመስል ነገር ነበር፤ ዋጋውም 750 ዶላር። ታዲያ የቅንጦት ስሙ ከየት መጣ? ከወንበሩ ቆዳ ወይም ከቀለሙ እንዳይመስላችሁ። የመጣው ከአንድ ሰው የልኬት አባዜ ነው።

ሰውየው ሄንሪ ሊላንድ ይባላል። በ1843 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቬርሞንት ተወለደ፤ ሙያውንም በጠመንጃ ፋብሪካዎች ተማረ። የጠመንጃ ሥራ ምሕረት የለውም። ጦር ሜዳ ላይ የአንዱ ምላጭ ቢሰበር የሌላው ተነቅሎ ያለ ሞረድ ሊገጥምለት ይገባል። ሊላንድ ይህን ትምህርት ይዞ ዲትሮይት ገባ፤ ለሌሎች ፋብሪካዎችም የማርሽ ጥርስና ሞተር ይሠራ ጀመር።

በ1902 ሄንሪ ፎርድ በስሙ ከተቋቋመው ድርጅት ከባለአክሲዮኖቹ ጋር ተጣልቶ 900 ዶላር ይዞ ወጣ። የተሰላቹት ባለሀብቶች ማሽኖቹን ሸጠው ሊገላገሉ አሰቡና ሊላንድን ዋጋ እንዲተምንላቸው ጠሩት። እሱ ግን ተምኖ ሲያበቃ መሸጡን ትተው መኪና እንዲሠሩ መከራቸው፤ ኦልድስሞቢል የተባለው መኪና ሠሪ ሳይቀበለው የቀረ የራሱ ሞተር በእጁ ነበርና። ለድርጅቱ አዲስ ስም የሰጡት ዲትሮይትን በ1701 በቆረቆረው ፈረንሳዊ በካዲላክ ነው። የመጀመሪያው መኪና በጥቅምት ተጠናቀቀ። በጥር ወር በኒውዮርክ ዐውደ ርእይ ላይ ከ2,000 በላይ ትእዛዝ መጣለት።

የካዲላክን ስም ያስጠራው ግን ሽያጩ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ ዕቃ ሲሰበር መካኒኩ አዲሱን እየሞረደ፣ እየፋቀ እስኪገጥም ይታገል ነበር፤ ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች እንኳ መለዋወጫ አይዋዋሱም። በ1908 የእንግሊዝ ንጉሣዊ አውቶሞቢል ክበብ ለንደን አጠገብ በሚገኘው ብሩክላንድስ ሦስት ካዲላኮችን እስከ ብሎናቸው አስፈታ። ቁርጥራጩን ሁሉ አንድ ላይ ቀላቀለው። ከክምሩ 89 ዕቃ አውጥቶም በምትካቸው ከነጋዴው መጋዘን ተራ መለዋወጫ አስመጣ። ሠራተኞቹ ሞረድ ሳይነኩ በመፍቻና በካቻቪቴ ብቻ መልሰው ገጣጠሙ፤ መኪኖቹም ተነሥተው 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጡ። ክበቡ የሚሸልመው የዴዋር ዋንጫም ለአሜሪካዊው ድርጅት ተሰጠ። ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ ሩጫው አይደለም፤ ሞረዱ ሳይነካ መቅረቱ ነው።

በተከታዩ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ካዲላክን ገዛው፤ ሊላንድም አስተዳዳሪ ሆኖ ቀጠለ። ያኔ ሞተር የሚነሣው ከፊት በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመልስ ክንድ ይሰብራል፤ የሊላንድ ወዳጅ ባይረን ካርተር የሞተውም በዚሁ ጉዳት ሳቢያ ነው እየተባለ ይተረካል። መፍትሔውን ያመጣው ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ መሐንዲስ ነው። ኬተሪንግ ቀደም ሲል ለሱቅ የገንዘብ መመዝገቢያ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ነበርና አንድ ነገር ገብቶታል፤ ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ መሥራት ካልተጠበቀበት ለጥቂት ሴኮንድ ከዐቅሙ በላይ ሊገፋ ይችላል። በዚህ ሐሳብ የ1912 ካዲላክ እኛ ጋራዥ ውስጥ ሞተሪኖ የምንለውን ዕቃ ይዞ ወጣ፤ መብራቱም ኤሌክትሪክ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ተከተለ።

በ1917፣ አሜሪካ ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ፣ ሊላንድ ከጄኔራል ሞተርስ ተለይቶ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። ስሙን ሊንከን አለው፤ በ1864 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን የሰጠው ለአብርሃም ሊንከን ነበርና። ሰላም ሲወርድ ፋብሪካው ወደ መኪና ዞረ። መኪናው እንደ ልማዱ እንከን የለሽ ነበር፤ ገበያው ግን ቀዝቅዞ ዕዳ ተቆለለ። በየካቲት 1922 ፋብሪካው ለጨረታ ቀረበና በ8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ገዢው ሄንሪ ፎርድ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የ79 ዓመቱ ሊላንድ ከልጁ ከዊልፍሬድ ጋር ከፋብሪካው ወጣ።