ግራፉ ከየትኛው ወር ይጀምር?

የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአብርሃ ጅራ ዓመቱ የሚቆጠረው በሰሊጥ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይዘራል፤ ነሐሴ ይታረማል፤ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ይታጨዳል። ነዶው በሂላ ቆሞ ሲደርቅ ተራግፎ ለገበያ ይወጣል። ለአረሙና ለአጨዳው ጉልበት ሠራተኛው ከደጋ የሚጎርፈውም በነዚሁ ወራት ነው። ክረምቱ ሲያባራ ደግሞ ወባ ትነሣለች፤ በኢትዮጵያ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው።

የዚህን ቆላ የአንድ ዓመት የወባ ሕሙማን ቁጥር በግራፍ ለማሳየት የተነሣ ባለሙያ አስቀድሞ የሚወስነው ነገር አለ፦ አግድሙ መስመር ከየትኛው ቀን ተነሥቶ የት ይቁም? የሚመርጠው ከሦስት ዓመቶች ነው። አንደኛው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሚሄደው የፈረንጆቹ፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለው የእኛው፣ ሦስተኛው ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚዘልቀው የበጀት ዓመት ነው።

በፈረንጆቹ ከተቆረጠ ወቅቱ ከጭራው ላይ ይቆረጣል። ያለፈው ወቅት ጭራ ግራ ጫፍ ላይ፣ የአዲሱ አናት ቀኝ ጫፍ ላይ ይወድቃል፤ ለተመልካች በአንድ ዓመት ሁለት ወረርሽኝ የገባ ሊመስለው ይችላል። ከመስከረም ከተጀመረ ደግሞ ገና ከመነሻው ሽቅብ ይወጣል፤ ከምን ያህል ዝቅታ እንደተነሣ የሚያሳየው ነሐሴ ባለፈው ዓመት ግራፍ ላይ ቀርቷል። ሐምሌ 1 ላይ ቢጀመር ግን ዝቅታው፣ አወጣጡ፣ አናቱና አወራረዱ በአንድ ገጽ ይታያሉ። ለሒሳብ መዝጊያ የተበጀው የበጀት ዓመት ለሰሊጡም ለወባውም የሚስማማ ሆኖ ይገኛል።

ኮምፒውተሩ ላይ ሲደረስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይነሣና ቀን በቀን ይቆጥራል። የ2016 የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2015 ሲጀምር በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2023 ነበር፤ ለኤክሴል 45115 ማለት ነው። ሰኔ 30 ቀን 2016 ደግሞ 45480 ይሆናል። ዝቅተኛውና ከፍተኛው ወሰን በእነዚህ ቁጥሮች ካልታሰረ ፕሮግራሙ በራሱ ግምት ከፊትና ከኋላ ባዶ ቦታ ሊጨምር ይችላል፤ አንባቢም ባዶውን ቦታ «በሽተኛ አልነበረም» ብሎ ያነበዋል።

ከዚህ የባሰው የእኛን ቀን እንዳለ መጻፍ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2016 «5/2/2016» ተብሎ ቢገባ ኤክሴል በፈረንጆቹ 2016 ያደርገዋል። በ2023 መረጃዎች መካከል እንዲህ ያለ አንድ ቀን ከተገኘ መስመሩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ እውነተኛው መረጃ ቀኝ ጥግ ላይ ይጨማደዳል። ጥቅምት 30 ደግሞ «30/2» ሲባል፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌላት፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጠርና ከመስመሩ ላይ ቦታ ያጣል። በወር በወር የሚሠራ ግራፍ ላይ ጳጉሜን ብቻዋን ከቆመች አምስት ወይም ስድስት ቀኗ እንደ ሙሉ ወር ይታይና ወባው በአንድ ጊዜ የጠፋ ያስመስላል። መፍትሔው ከነሐሴ ጋር ማዳመር ወይም ሁሉንም ወር በቀን አማካይ ማስላት ነው።

የመጨረሻው ቀንም የመነሻውን ያህል ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት በኢትዮጵያ በ2023 ሙሉ ዓመት 4.1 ሚሊዮን የወባ ሕሙማንና 527 ሞት ተመዝግቦ ነበር። በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ሕሙማኑ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ፣ ሟቾቹ 1,157 ደረሱ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሣሉ ሁለተኛው ዓምድ የቆመው የወባው ወቅት ገና ሳይጋመስ ነው። ቀኑ ካልተጻፈበት የጭማሪው መጠን ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል።

ቀን ቆርጦ ማሳየት ማታለል ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1858 ባሳተመችው የክራይሚያ ጦርነት ሥዕል ሁለቱን ዓመታት የከፈለቻቸው በጃንዋሪ ሳይሆን በኤፕሪል ነው፦ ከኤፕሪል 1854 እስከ ማርች 1855፣ ከዚያም እስከ ማርች 1856። የንጽሕና አጣሪ ቡድን ወደ እንግሊዝ ጦር ሆስፒታሎች የደረሰው በማርች 1855 ስለነበር በፊትና በኋላ ያለው የሞት ልዩነት በግልጽ ታየ። እሷም የመቁረጫውን ምክንያት አልደበቀችም።

በሱዳን ድንበር ላይ ባለችው በመተማም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የሱዳን ጦርነት የተቀሰቀሰው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። የድንበሩን ንግድ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያሳይ ግራፍ እስከ ነሐሴ ቢያሽቆለቁል ጥፋቱን ሁሉ ለጦርነቱ መስጠት ይቀላል። ነገር ግን ሚያዝያ የሰሊጡ ምርት በብዛት ተሸጦ ያለቀበት፣ ክረምቱም የሚቃረብበት ወቅት ነው። ስለዚህ መስመሩ ቢያንስ ሁለት ሙሉ የሰሊጥ ወቅት ወደ ኋላ ሄዶ ከሐምሌ 2013 ቢነሣ የሱዳኑ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በነበረው ዓመት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ንግዱ ምን ያህል ይቀዘቅዝ እንደነበር ይታያል፤ የጦርነቱ ድርሻ የሚለካውም ከዚያ በላይ ባለው ቅናሽ ነው።