ክራር የሚያዳምጥ ኮምፒዩተር

ኤሌክትሮአኩስቲክ ሙዚቃ የተቀዳን ወይም በኤሌክትሪክ የተፈጠረን ድምፅ እንደ ጥሬ ዕቃ ወስዶ፣ ቆርጦ፣ አዘግይቶና ደራርቦ በድምፅ ማጉያ የሚያሰማ የድርሰት ዓይነት ነው። በጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር የቡና ዘነዘና ሙቀጫውን ሲመታ ተቀዳ እንበል። የምቱ መነሻ ተቆርጦ ከተጣለና የቀረው ከተዘገየ፣ ሰሚው ሙቀጫነቱን አይለይም፤ ጆሮ ዕቃን የሚያውቀው በአብዛኛው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነውና። ይህን የድምፅ ባሕርይ መቅረጽ ሳውንድ ዲዛይን ይባላል። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹን እየሰማ መልስ ሲሰጥ ደግሞ ሥራው መስተጋብራዊ ይሆናል።

የዘርፉ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከፓሪስ፣ ከፒየር ሼፈር የ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራዎች ይጀመራል። ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ ግን አራት ዓመት ቀድመው፣ በ1944፣ ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ዜማ በሽቦ መቅረጫ ቀድተው ነበር። ቅጂውን በሚያስተጋባ ክፍል እያሳለፉ ደጋግመው ቀዱት፤ የድምፁን መሠረት አስወግደው ከላዩ ያሉትን ረቂቅ ድምፆች ብቻ አስቀሩ። ዛር በኢትዮጵያም የታወቀ ነው፤ ሰውየውም ቆይተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። የሚገርመው፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጁ እዚህ የተዉት ቅርስ ማሽን ሳይሆን ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት በአንድ መድረክ የተገናኙበት ቡድን መሆኑ ነው።

ክራርንና ማሽንን ለማገናኘት ከሠሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ፣ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ፣ በ1943 ጅማ ተወለዱ። የታወቁበት ቫይብራፎን ራሱ ግማሽ ማሽን ነው፤ ከብረት ጣውላዎቹ ሥር ኤሌክትሪክ ሞተር የሚያሽከረክራቸው ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኋላ በአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሩት ነው፤ የተቋሙ ሚዲያ ላብ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ሲነሳ አማካሪ ሆኑ። ሌሎች ኢትዮጵያውያን ከሌላ አቅጣጫ መጥተዋል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህደው ብቻቸውን አልበም ቀዱ፤ የሚካኤል ሰይፉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራ «ዘላለም» ደግሞ በ2016 ወጣ።

ክራር ለኮምፒዩተር ቀላል እንግዳ አይደለም። አምስቱ ወይም ስድስቱ ክሮች ለአንድ ቅኝት ይቃኛሉ፤ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮግራሞች የተሠሩት ግን አንድን ስምንተኛ (ኦክታቭ) ወደ 12 እኩል እርከኖች ለሚከፍል ኪቦርድ ነው። ክራሩ ከእርከኖቹ መካከል ያለውን ድምፅ ሲሰጥ ማሽኑ እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ቅርቡ እርከን ይጎትተዋል፤ የቅኝቱም ለዛ እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከተጫዋቹ መቃኘት አለበት እንጂ ተጫዋቹ ከፕሮግራሙ አይደለም።

የመስተጋብራዊ ድርሰት አሠራር እንዲህ ነው። በክራሩ ቆዳ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ማይክሮፎን ንዝረቱን ትይዛለች፤ ኮምፒዩተሩ የድምፁን ከፍታ፣ ጉልበቱንና በምቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። ደራሲው የሚጽፈው ደንብ ነው፦ ክሩ በኃይል ሲመታ የዘነዘናው ድምፅ ይምጣ፣ ዝምታው ሲረዝም የቀደመው ሐረግ ተገልብጦ ይመለስ። መልሱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ብዙ ከዘገየ ተጫዋቹ እጁ ላይ ይሰማዋል። እንዲህ ያለው ድርሰት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይሰማም። ለአዝማሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግጥሙን የሚያዞረው የታዳሚውን ፊት እያየ ነውና።

ለጀማሪ ላፕቶፕ፣ ርካሽ ማይክሮፎንና በነፃ የሚገኘው ፒዩር ዳታ የተባለ ፕሮግራም ይበቃሉ፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው አንድ ልምምድ ያስጨርሳል። የሚከብደው ሥራውን ለሌላ ማስተላለፉ ነው። ኖታ ብቻውን ድርሰቱን አይዝም፣ ፕሮግራሙም ኮምፒዩተር በተለወጠ ቁጥር ያረጃል። ጠንቃቃ ደራሲዎች በዚህ ምክንያት ደንቦቹን በተራ ቃላት ጽፈው፣ የድምፅ ፋይሎቹንና የመድረኩን ቅጂ ጨምረው ያስቀምጣሉ።